ለስሊፕ አፕኒያ ሲፓፕ ወይስ የአፍ መሣሪያ? የትኛው ለማን ይሻላል

የእንቅልፍ ምርመራው ውጤት ወጣ። ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት በሽታ፣ አለባችሁ ተባለ። ሐኪሙ ሲፓፕ የሚባለውን፣ በማስክ በኩል አየር የሚገፋ ማሽን አዘዘ፤ ማሽኑም ቤት ደረሰ፤ ማስኩን ግን መልመድ አቃታችሁ። ወይም ደግሞ ገና ሳትጀምሩት፣ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው አፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ እንዳለ ሰምታችሁ "እሱ አይሻለኝም?" ብላችኋል። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የኢንሹራንሱና የመንጃ ፈቃዱ ነገር አሜሪካ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። የመሣሪያዎቹ ጠባይ ግን የትም አገር አንድ ነው።

አቋሜን ከፊት ልናገር። በሽታው ከባድ ደረጃ ላይ ከሆነ ሲፓፕን ከልብ ሳትሞክሩ አትለፉት። ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነና ጥርሳችሁ ደህና ከሆነ ግን፣ በልክ የተሠራ የአፍ መሣሪያ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ማስክ ላቃተው ሰው ማጽናኛ ተብሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የትኛውንም ብትመርጡ መሥራቱ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ማንኮራፋቱ ስለቆመ ብቻ አፕኒያው ቆሟል ማለት አይቻልም።

ቁጥራችሁን እወቁ

እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ሸሽተው የአየር መንገዱን ያጠብቡታል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጉታል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አያልፍም። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ይህን ሲያውቅ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል። ትን ብሎት አየር ይስብና ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው።

ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከተቋረጠ ወይም በጣም ከቀነሰ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚከሰት የሚነግረን ቁጥር ኤኤችአይ ይባላል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ነው። ውጤት ስትቀበሉ "አለብህ" ወይም "አለብሽ" በሚለው ብቻ አትመለሱ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ኦክስጅኑ እስከ ስንት እንደወረደ፣ በጀርባ ስትተኙ ይብስ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስቱም ምርጫችሁን ይለውጣሉ።

አንድ ሌላ ነገርም አረጋግጡ። እስካሁን የተናገርኩት ጉሮሮ ሲዘጋ ስለሚመጣው ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለበትም እሱ ነው። ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል "ተንፍስ" የሚለውን ትእዛዝ ባለመላኩ የሚመጣ ሌላ ዓይነት አለ። ለእሱ የአፍ መሣሪያ አይጠቅምም።

ገና ያልተመረመራችሁ ከሆነ ከጥርስ ሐኪም አትጀምሩ። በእኛ ቤት የሚያንኮራፋ ሰው ብዙ ጊዜ "ደክሞት ነው፣ ጥሩ ተኝቷል" ተብሎ ይታለፋል። ከፍ ያለ ድምፅ፣ ቀን ቀን ድብታ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየ ሰው፣ የደም ግፊት፣ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ፣ ወፈር ያለ ሰውነትና ወፍራም አንገት፣ ወንድ መሆን። ከእነዚህ ሦስቱ ካሉ ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው። ምርመራው ዛሬ ብዙ ጊዜ እቤት ይሠራል። ጣት ላይ፣ አፍንጫ ሥርና ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ይሰጣችሁና አንድ ሌሊት ትተኙበታላችሁ።

ሁለቱ ምን ይሠራሉ?

ሲፓፕ አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ኮሊን ሱሊቫን የሚባሉ የሲድኒ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1981 ካስተዋወቁት ወዲህ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሕክምና እሱ ነው። ማስኩ በትክክል ከተገጠመና ሌሊቱን ሙሉ ከተደረገ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከ5 በታች ያወርደዋል፤ ከባድ በሽታ ላይም ቢሆን። በዚህ የሚስተካከለው የለም።

የአፍ መሣሪያው መንገድ ሌላ ነው። የታችኛውን መንጋጋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት አውጥቶ ይይዘዋል። ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ወደ ፊት ይመጣል። ከኋላው ያለው መንገድም ይሰፋል። መስታወት ፊት ቁሙና የታችኛውን ጥርሳችሁን ከላይኛው ፊት አሳልፉት። መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ደህናው ዓይነት ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ የላይኛውን፣ ሌላው የታችኛውን ጥርስ ይሸፍናል። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ነገር እንደየሥሪቱ ይለያያል። አንዳንዱ በጎንና በጎን ትንንሽ ብሎን አለው። እንደ መርፌ ቀጭን በሆነች ቁልፍ ስታዞሩት መንጋጋው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ሌላው በላስቲክ ማሰሪያ ይያያዛል፤ ማሰሪያው በአጠረ ቁጥር መንጋጋው ይወጣል። ብሎንም ማሰሪያም የሌለው፣ የታችኛውን ቁራጭ በየጊዜው በሌላ ቁራጭ እየቀየራችሁ የምትሄዱበት ዓይነትም አለ። ቀጭን ስለሆነ አፍ ውስጥ ብዙ ቦታ አይወስድም። ጣታቸው የሚያማቸው ወይም ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ብሎኑ ያስቸግራቸዋል። ለእናት ወይም ለአባት የምትመርጡ ከሆነ ይህን አስቡ።

ብዙ ጊዜ መንጋጋው በራሱ አቅም ሊወጣ ከሚችለው ርቀት ግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቦታ ላይ ይጀመራል። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይገፋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ለውጥ ካላያችሁ አልሠራም ብላችሁ አትተዉት። በአንድ ጊዜ ብዙ ለመግፋትም አትቸኩሉ፤ መገጣጠሚያው ይታመማል።

ፋርማሲና ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ርካሹስ? ፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ የሚነከስ ላስቲክ ነው። ለማንኮራፋት ይረዳ ይሆናል። ለስሊፕ አፕኒያ ግን አልመክረውም። በደንብ አይቀመጥም፤ ሌሊት ይወልቃል፤ መንጋጋውን በትክክለኛው ልክ አይገፋም። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ድምፁን አጥፍቶ በሽታውን መተዉ ነው። ቤተሰቡ ጸጥታ ሲያገኝ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበርና የጥርስ ሐኪሞቹ ማኅበር በ2015 በጋራ ያወጡት መመሪያም የሚለው በልክ የተሠራና ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚስተካከል ይሁን ነው።

በጉልበት ሲፓፕ፣ በመልመድ የአፍ መሣሪያ

በ2013 የታተመ የሲድኒ ጥናት ሁለቱን በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ሞክሯቸዋል። አብዛኞቹ በሽታቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ነበር። ሲፓፕ ቁጥሩን በአማካይ ወደ 4.5 አወረደው፤ የአፍ መሣሪያው ወደ 11። ሰዎቹ ግን ሲፓፑን በሌሊት በአማካይ 5.2 ሰዓት ሲጠቀሙ፣ የአፍ መሣሪያውን 6.5 ሰዓት ያህል አደረጉት። ከአንድ ወር በኋላ የደም ግፊት፣ የቀን ድብታና የመንዳት ብቃት ሲለካ አንዱ ከሌላው የጎላ ብልጫ አላሳየም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ለምሳሌ እናስላው። በሰዓት 24 ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሰባት ሰዓት ይተኛል እንበል። ሲፓፑን አራት ሰዓት አድርጎ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አውልቆ ወረወረው። በአራቱ ሰዓት ውስጥ በሰዓት 2 ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ ያ 8 ነው። የቀሩት ሦስት ሰዓቶች ግን ያለ ሕክምና ናቸው፤ 72። ድምሩ 80። አሁን ቁጥሩን በግማሽ ብቻ የሚቀንስ የአፍ መሣሪያ ሙሉ ሌሊት ያድርግ። በሰዓት 12 ሲባዛ በ7፣ 84 ይሆናል። ተቀራራቢ ነው። ያው ሰው ሲፓፑን ሰባቱንም ሰዓት ቢያደርገው ደግሞ 14 ብቻ። ስለዚህ ሲፓፕን ሌሊቱን ሙሉ መቻል ከቻላችሁ ምንም አትቀይሩ። ብዙ ሰው የሚያወልቀው ደግሞ ወደ ንጋት ነው። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ የሚበዛው በዚያን ሰዓት ነው፤ አፕኒያም ብዙ ጊዜ የሚብሰው በእሱ ውስጥ ነው። የሚባክኑት ሰዓቶች ዋናዎቹ ናቸው።

የአፍ መሣሪያው ትልቁ ድክመት ማን ላይ እንደሚሠራ አስቀድሞ በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። በግምት ከሦስት ሰው በአንዱ ቁጥሩ ወደ ጤነኛ ደረጃ ይወርዳል። በአንዱ ጥሩ ቅናሽ ያመጣል። በአንዱ ብዙም አይሠራም። ዕድሉ ሰፋ የሚለው በሽታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነ፣ ክብደታቸው ያልበዛ፣ በጀርባ ሲተኙ ብቻ የሚብስባቸው ሰዎች ላይ ነው። ሴቶች ላይም የተሻለ ይሠራል።

ሲፓፕ አቃተኝ የምትሉ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመተዋችሁ በፊት ማስኩን ቀይራችሁ አይታችኋል? አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ያፈነው ሰው፣ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ትንሹን ሲሞክር ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ጢም ካለ አየር ያፈሳል። አፍ ከደረቀ የእርጥበቱ መጠን ይጨመራል። አፍንጫ የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያ አፍንጫው ይታከም። ማስኩንና እርጥበቱን በማስተካከል ማሽኑን የሰጣችሁ ድርጅት ሊረዳችሁ ይገባል፤ ደውሉላቸው።

ጥርሳችሁ ይችላል?

መሣሪያው መንጋጋን የሚጎትተው ጥርስን ይዞ ነው። ስለዚህ የሚይዘው ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሐኪሞች በየመንጋጋው ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ጠንካራ ጥርስ ይፈልጋሉ። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚጠቀሙ አባቶችና እናቶች አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ድዱ የሚደማና ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰው መጀመሪያ ድዱን ያሳክም። ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ወይም ጥርስ ተከላ በቅርቡ የሚሠራለት ካለ ያንን ያስቀድም፤ አለበለዚያ መሣሪያው ከተሠራ በኋላ ጥርሱ ስለሚቀየር አይገጥምም። የመንጋጋ መገጣጠሚያው የሚያመው፣ አፉን ሲከፍት የሚቆለፍበት፣ ወይም ትንሽ ነገር አፉ ሲገባ የሚያቅለሸልሸው ሰው በግልጽ ይናገር።

የጎንዮሽ ችግሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ መጥተው ቶሎ የሚሄዱ ናቸው። ምራቅ ይበዛል፣ ወይም በተቃራኒው አፍ ይደርቃል። ጠዋት የፊት ጥርስና የጉንጭ ጡንቻ ይደክማል። ቁርስ ላይ ዳቦ ስትነክሱ የኋላ ጥርሶቻችሁ አልገናኝ ይሏችኋል፤ የፊቶቹ ቀድመው ይጋጫሉ። አትደንግጡ። መንጋጋው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ፊት ወጥቶ ስላደረ ነው። ለዚህ ተብሎ ከመሣሪያው ጋር ትንሽ የመንከሻ ፕላስቲክ ይሰጣል። ከተነሣችሁ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ስትነክሱት መንጋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህችን የምትዘሉ ሰዎች አላችሁ፤ እባካችሁ አትዝለሏት።

ሁለተኛው ዓይነት ቀስ ብሎ በዓመታት ይመጣል። የላይኛው የፊት ጥርስ ወደ ውስጥ፣ የታችኛው ወደ ውጭ ይገፋል። የጥርስ ግጥሚያ ይቀየራል፤ አንዳንዱ ላይ የኋላ ጥርሶች ጨርሶ መገናኘት ያቆማሉ። ብዙ ሰው ላይ ትንሽ ነው፤ ሰውየው ራሱ እንኳን አያስተውለውም። ግን ከመጣ በራሱ አይመለስም። ስለዚህ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት የጥርሳችሁ ፎቶና ልኬት እንዲቀመጥ ጠይቁ። በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት አንዴም ታዩ። ለእኔ፣ የሰው ትንፋሹ በየሌሊቱ ከሚቋረጥ ጥርሱ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይሻላል። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው፤ አውቃችሁ ግቡበት።

አኗኗራችሁስ?

ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይዛችሁ የጭነት መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህን ሳታነቡ አትወስኑ። የጤና ምርመራውን የሚያደርገው ሐኪም ሕክምናውን መጠቀማችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል። ሲፓፕ በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዘግባል፤ ወረቀቱ ታትሞ ይቀርባል። የአፍ መሣሪያ በራሱ ይህ የለውም። አፍ ውስጥ መሆኑን በሙቀት የሚያውቅ ጥቃቅን ቺፕ የሚጨመርባቸው አሉ። የጥርስ ሐኪሙን ስለ ቺፑ ጠይቁ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ መርማሪው ሐኪም የአፍ መሣሪያን ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ። ኡበርና ታክሲ የምትነዱም ብትሆኑ እንቅልፍ መሪ ላይ ጣል ጣል እያደረጋችሁ ከሆነ ሕክምናው እስኪጀመር ሌሊት አትንዱ።

አገር ቤት ስትሄዱስ? የአፍ መሣሪያው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ መብራት አይፈልግም። ሲፓፕም ቢሆን አስቸጋሪ አይደለም። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃቸዋል። የሕክምና ዕቃ ስለሆነ ከአሜሪካ ስትነሡ እንደ እጅ ሻንጣ አይቆጠርባችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ ማሽናችሁ ከፍታን ራሱ የሚያስተካክል መሆኑን መመሪያው ላይ እዩ። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ወይ የሚሞላ ባትሪ መያዝ ነው፣ ወይ ለጉዞ የአፍ መሣሪያ። ሁለቱንም ያላቸው፣ እቤት ሲፓፕ፣ መንገድ ላይ የአፍ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። አቅሙ ካለ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ገንዘቡ

በልክ የሚሠራው የአፍ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ያስወጣል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ሲፓፕ ያለ ኢንሹራንስ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ማስክና ማጣሪያ ግን በየጊዜው ይቀየራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአፍ መሣሪያውን የሚከፍለው የጥርስ ኢንሹራንስ ሳይሆን የጤና ኢንሹራንሳችሁ ነው። ጥርስ ቤት ስለሚሠራ የጥርስ ካርዳቸውን ሰጥተው "አይሸፍንም" ተብለው የሚመለሱ አሉ።

ሜዲኬር ፓርት ቢ (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ክፍል) የአፍ መሣሪያውን የሚሸፍነው የእንቅልፍ ምርመራ ካለ፣ ሐኪም ካዘዘውና ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም ከሠራው ነው። ቁጥሩ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይፈቀዳል። ከ5 እስከ 14 ከሆነ የቀን ድብታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክን የመሰለ ነገር አብሮ መኖር አለበት። ከ30 በላይ ከሆነ ደግሞ ሲፓፕ እንዳልተቻለ ወይም እንደማይሆን መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ማስኩ ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ አልጋ ሥር አትክተቱት፤ ለሐኪሙ ንገሩትና ፋይሉ ላይ ይጻፍ። ሜዲኬር መሣሪያውን የሚተካላችሁ በአምስት ዓመት አንዴ ስለሆነ በሙቅ ውኃ አትጠቡት፤ ይጣመማል። ለስላሳ ብሩሽና ለዘብ ያለ ሳሙና ይበቃዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ከ2014 ጀምሮ በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የተፈቀደ፣ ደረት ላይ በቀዶ ጥገና የሚተከልና የምላስን ነርቭ የሚያነቃቃ መሣሪያ አለ፤ ሲፓፕ ላልሆነላቸው ነው። በታኅሣሥ ወር 2024 ደግሞ ኤፍዲኤ ዜፕባውንድ የተባለውን ክብደት የሚቀንስ መርፌ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዷል። ክብደት መቀነስ ከየትኛውም ሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምርመራ

የጥርስ ሐኪም ስትመርጡ ከዋጋ በፊት ይህን ጠይቁ፦ "ተስተካክሎ ሲያልቅ፣ መሣሪያውን አድርጌ እንደገና የእንቅልፍ ምርመራ አደርጋለሁ?" መልሱ "ማንኮራፋትዎ ከቆመ በቂ ነው" ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ሲፓፕ በየቀኑ ቁጥራችሁን ራሱ ያሳያል። የአፍ መሣሪያ ዝም ይላል። መሥራቱን የምታውቁት አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁት ስትመረመሩ ብቻ ነው። ምርመራውን የሚያዘው የእንቅልፍ ሐኪማችሁ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ውጤቱን ከእሱ ጋር መነጋገር አለበት።

ቁጥሩ ከ5 በታች ከወረደ እንዳለ ይቀጥላል። ከወረደ ግን ካልበቃ፣ መንጋጋው ትንሽ ሊገፋ ይችል እንደሆነ ይታያል፤ በጎን መተኛትም ይረዳል። ጨርሶ ካልወረደ ወደ ሲፓፕ መመለስ ነው። መሣሪያውን ግን አትጣሉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀሙ አሉ። መንጋጋው ወደ ፊት ስለሚያዝ ሲፓፑ በዝቅተኛ ግፊት ሊሠራ ይችላል፤ የአየሩ ጉልበት በዝቶባቸው ለተዉት ሰዎች ይህ ራሱ መመለሻ ሊሆን ይችላል።